የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትና የዶርዜ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በመወከል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ የአንድ መጽሔት ታሪክ ነው። መጽሔቱ የተወለደው በአዲስ አበባ ነው፤ ነገሩ ግን ከአርባ ምንጭ በላይ እስካለው እስከ ዶርዜ ተራራ ድረስ ይደርሳል።

እንደሚታወቀው ስለ አገራችን የተጻፈው ጥናት ለብዙ ዘመን የሚታተመው በባሕር ማዶ ነበር። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ቋንቋ አሳተመ። እርሱን ያስተማረው ግን የእኛው ሰው አባ ጎርጎርዮስ ነበር። ዕውቀቱ ከእኛ ወጣ፤ መጽሐፉ ግን ከእኛ ርቆ ቀረ።

ይህንን ርቀት ለማጥበብ በአገር ውስጥ ጥረት ተጀመረ። ሲልቪያ ፓንክረስት በ1949 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለውን መጽሔት በአዲስ አበባ ማሳተም ጀመሩ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ፤ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረውም ሕንፃ ማደሪያው ሆነ። የሲልቪያ ልጅ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሲሆኑ፤ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ቤተ መጻሕፍቱን አደራጁ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት መውጣት ጀመረ። መጽሔቱ ጥናት ከማውጣቱም በላይ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉትን መጻሕፍት ይመዝናል፤ ይኸውም አንድ ሊቅ የጻፈውን ሌላው መርምሮ ጥሩውን እንዲያመሰግን፤ ስሕተቱንም እንዲያርም ነው።

በዚህ መጽሔት በ10ኛው ቅጽ፤ በ1972 እ.ኤ.አ.፤ ጁዲት ኦልምስቴድ ስለ ዶርዜ የቀርከሃ ቤት ጽፈዋል። አንድ መምህራችን ይህን ጽሑፍ ባስነበቡን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ወዲያውም ወደ ዶርዜ ወጥተን ቤት በመሥራት የታወቁ አንድ ሽማግሌ ጠየቅን። እርሳቸውም ቀርከሃው እንዴት እንደሚታሠር፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ቤቱ እየተቆረጠ እንዴት እንደሚያጥር፤ ሲያስፈልግም በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚሄድ አስረዱን። በመጨረሻም «በሉ እንግዲህ፤ ስለ ቤቴ የተጻፈውን በጋሞኛ ንገሩኝ» አሉን።

ክቡራንና ክቡራት፤ በዚያን ሰዓት አፈርን። እንግሊዝኛውን አንብበነዋል፤ የቤቱን ክፍሎች በእናታችን ቋንቋ ግን መጥራት አልቻልንም። ሽማግሌው ስሙን አንድ በአንድ እየጠሩ፤ እኛም በደብተራችን እየጻፍን መሸብን።

ስለዚህ ጥፋቱን በባዕድ ላይ ማላከክ አይገባንም። የውጭ ሰው ደክሞ፤ ተራራ ወጥቶ ጽፎልናል። መጽሔቱም በራችንን ከፍቶ የኢትዮጵያ ልጆች የራሳቸውን እንዲጽፉ፤ የሌላውንም እንዲመዝኑ አድርጓል። ነገር ግን ሚዛን የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ዕቃውን ማወቅ አለበት። የቤቱን ምሰሶ ስም የማያውቅ ተማሪ ስለ ቤቱ የተጻፈውን እውነት ነው ወይም ሐሰት ነው ሊል እንዴት ይችላል?

ወላጆቻችን ሆይ፤ ስንጠይቃችሁ አትሰልቹን። ታናናሾቻችን ሆይ፤ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ጠይቁ፤ ጻፉም። እኛ ዘንድሮ ትምህርት ቤታችንን ተሰናብተን እንሄዳለን፤ ያን የዶርዜ ደብተር ግን ለቤተ መጻሕፍታችን ትተናል። ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።