የቆየ ጽሑፍ እንዴት ይታረም?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



ይህን በዓል ምክንያት በማድረግ ከቀድሞዎቹ የዓመት መጽሔቶቻችን የተመረጡ ጽሑፎች እንደ ገና እንዲታተሙ በታሰበ ጊዜ፣ በአሰናጆቹ ተማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሶቹ «የቀደሙት ወንድሞቻችን የጻፉት አንዲት ፊደል ሳትነካ ትውጣ» ሲሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ «ዛሬ ስሕተት መሆኑ የታወቀውን ነገር ለታናናሾቻችን እንደ እውነት ማቅረብ ነውር ነው፤ ይፋቅና ዐዲስ ይጻፍበት» አሉ። ነገሩ ቀልድ አይደለም። ታናናሾቻችን ለክፍል ሥራቸው ከእነዚሁ መጽሔቶች እንደሚገለብጡ እናውቃለንና። (መምህራኖቻችንም ሳያውቁ የቀሩ አይመስለኝም።)

እኔ ሐሳቤን በአንድ ምሳሌ ብገልጸው ይሻላል፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በ1967 በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ በሚባለው ስፍራ፣ በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን የጥንት ሰዎች የራስ ቅልና ሌላም አጥንት አገኘ። ሊቃውንት ከዚያው ስፍራ የተገኘውን የውሃ ዛጎል መርምረው ዕድሜው 130,000 ዓመት ገደማ ነው አሉ። በ2005 ደግሞ የአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ 195,000 ዓመት ተባለ። በ2022 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ከአጥንቱ በላይ የተነጠፈውን ወፍራም አመድ በኬሚካል ይዘቱ ለይተው፣ እኛ ሐይቋን ብቻ ከምናውቅላት ከሻላ እንደ ፈነዳ፣ ዘመኑም 233,000 ዓመት ገደማ መሆኑን ደረሱበት። አመዱ ከላይ፣ አጥንቱ ከታች ከሆነ፣ አጥንቱ አመዱን ይቀድመዋል። ተመራማሪዎቹም ቍጥሩ በ22,000 ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል።

እንግዲህ በጥንቱ መጽሔት 130,000 ብሎ የጻፈ ተማሪ አልዋሸም፤ በዘመኑ የታወቀውን ጻፈ። ያን ፍቀን 233,000 ብንጽፍበት ግን፣ በ2022 የተገኘውን ነገር እርሱ ከብዙ ዓመት በፊት ያውቅ ነበር እንላለን። ይህ ሁለተኛ ስሕተት ነው፤ ከፊተኛውም ይከፋል፤ ምክንያቱም ሆን ብለን የሠራነው ነው።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ከ2005 በኋላ «ከሰው ዘር አጥንት ሁሉ የሚቀድመው የኦሞው ነው» ተብሎ በብዙ ስፍራ ተጽፏል፤ እኛም ደስ ብሎን አንብበናል። ነገር ግን በ2017 በሞሮኮ፣ ጀበል ኢርሁድ ከሚባለው ስፍራ የወጡት አጥንቶች 300,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆናቸው ተገለጸ። የእነዚያ የራስ ቅል ቅርጽ ገና እንደኛ ስላልሆነ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ። ቢሆንም አገራችንን የሚያስከብር መስሎ የታየንን ቃል ለማረም እጃችን ሊዘገይ አይገባም፤ የሌላውን አገር ስሕተት ለማረም እንደማይዘገይ ሁሉ።

እርማት የማያሻው ጽሑፍም አለ። በ1960ዎቹ «ኢትዮጵያ ዐሥራ አራት ጠቅላይ ግዛቶች አሏት» ያለ ልክ ነበረ፤ የተጻፈበትን ዓመት ከራስጌው ማኖር ይበቃል። ፕሉቶም ቢሆን በ2006 ከፕላኔቶች ተራ ወጥቶ ድንክ ፕላኔት ተባለ እንጂ ከሰማይ አልጠፋም።

አባቶቻችን ጸሐፍት ብራና ሲጽፉ የተዘለለውን ቃል ከመሥመሩ በላይ በደቃቅ ፊደል ያገቡት ነበር። የተሳሳተውንም አንዳንዴ በካራ ቢፍቁት፣ አንዳንዴ ደግሞ ከላይና ከታች በቀጭን ሰረዝ ምልክት አድርገውበት ይተዉታል፤ አንባቢው ሁለቱንም ያያል። የአንድምታ መምህራንም ዐዲስ ፍች ሲያመጡ የፊተኛውን አይጥሉም፤ «አንድም» ብለው ያስከትላሉ።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ የጥንቱ ጽሑፍ እንዳለ ይታተም፤ በግርጌው በደቃቅ ፊደል እርማቱ፣ እርማቱ የተጻፈበት ዓመትና የአራሚው ስም ይግባ። በቤተ መጻሕፍታችን ባሉት አሮጌ ቅጾች መጨረሻ ላይም ባዶ ወረቀት ይለጠፍ። የኦሞው ቍጥር እንደ ገና ሲለወጥ የሚጽፉበት ቦታ እንዲያገኙ፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡት ሰፋ ያለ ወረቀት ይሁንላቸው።