አባ ዕንባቆምና የዛሬው ዘመን



ዛሬ በውቤ በረሃ ስለ ሃይማኖት ክርክር ሲነሣ፣ «ላንተ ያንተ እውነት፣ ለኔም የኔ» በሚል ቃል ወዲያው ይዘጋል። ጨዋነት ይመስላል፤ ለኔ ግን ስንፍና ነው።

አባ ዕንባቆም ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉ፣ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የኾኑ ሊቅ ናቸው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አገሩን በጦር በያዙበት ዘመን፣ በ1532 ዓ.ም. ገደማ፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለራሳቸው ለኢማሙ ጻፉ። የሚያስገርመውም፣ ስለ ክርስትና ሲሟገቱ ምስክር አድርገው የጠሩት ቁርኣንን መኾኑ ነው፤ ጠንቅቀው ያውቁት ነበርና። ቃላቸው አንዳንድ ጊዜ ይመርራል፤ ይኸንን አልሸሽግም፤ የጦርነት ዘመን ነበር። ነገር ግን እንደ ዛሬው አባባል ቢኾን ዝም ማለት ይበቃቸው ነበር። ባላጋራቸውን ምክንያት ሊሰማ እንደሚችል ሰው ስለ ቈጠሩ ጻፉ።

እኛ የአራዳ ልጆች የጊዮርጊስን ደወልና የበኒን መስጊድን አዛን እየሰማን እናድጋለን። በአንድ ወንበር አብሮን የሚቀመጠው ጓደኛችን የሚያምንበትን መጽሐፍ ግን ስንቶቻችን ገልጠን አይተናል? በስልክ መሰዳደቡንማ እናውቅበታለን።

አንቀጸ አሚንን ቫን ዶንዘል የተባሉ የሆላንድ ሊቅ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር በላይደን ከተማ በ1969 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ለቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ ይገዛልን ዘንድ ወላጆችን እለምናለሁ፤ ግእዙን የሚያስነብበን መምህር ከተገኘልን፣ የእስላም ጓደኞቻችንንም ጠርተን አብረን እናነበዋለን።