ቤቱን የተነጠቀው ልጅ ከተማ ሠራ
(በሜሪላንድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንድ ቤት ሠርቶ ሻጭ ላጫውታችሁ ነው፡፡ «የቤት ሻጭ ስም ሲነሳ እኛ ኪሳችንን ነው የምንዳብሰው፤ ምን ነካህ?» የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል፡፡ እውነታችሁን ነው፡፡ እኔም ስሙን ለማልጠራው ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ለቤት ብዬ የከፈልኩት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ነበር፡፡ ልጄ ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች፤ ቤቱ ግን አሁንም ወረቀት ላይ ነው፡፡ የማነሳላችሁ እዚሁ ሜሪላንድ ተወልደው እዚሁ ያረፉትን ሚስተር ጄምስ ራውስን ነው፡፡ ካልገለጽኩ በቀር ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፡፡

ሚስተር ራውስ በ1914 ኢስተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ፡፡ በ1930፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ስትናጥ፣ እናታቸውም አባታቸውም በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱባቸው፡፡ ያደጉበትን ቤትም ባንክ በዕዳ ወሰደው፡፡ ያኔ ገና 16 ዓመታቸው ነበር፡፡ እናት የለ፣ አባት የለ፣ ቤት የለ! ባልቲሞር ገብተው ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና እያቆሙ፣ ማታ ማታ ሕግ እየተማሩ በ1937 ተመረቁ፡፡ በ1939 ደግሞ ከሸሪካቸው ጋር የቤት ብድር ኩባንያ አቋቋሙ፡፡ ቤቱን በዕዳ ያጣው ልጅ ሰው ቤት እንዲገዛ አበዳሪ ሆነ ማለት ነው፡፡

ከብድር ወደ ግንባታ ተሻገሩ፡፡ ትላልቅ የገበያ ማዕከሎች ሠሩ፤ ከበሩ፡፡ መልአክ ነበሩ አልልም፤ ነጋዴ ነበሩ፡፡ እንደነዚህ ያሉት የገበያ ማዕከሎች የመሐል ከተማውን ትንንሽ ሱቅ ገበያ እንደቀሙ እዚህ አገር የማያውቅ የለም፡፡ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል ከ14,000 ኤከር በላይ የእርሻ መሬት ሲገዙም ዋጋ እንዳይንርባቸው ስማቸውን ደብቀው፣ በሌሎች ኩባንያዎች ስም ነበር፡፡ ገዢው ማን እንደሆነ የታወቀው በ1963 ነው፡፡ «ብልጠት ነው» ያለ አለ፤ «ማታለል ነው» ያለም አለ፡፡

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፡፡ ፖሊስና ግሬደር መጥቶበት የተነሳ ገበሬ አልነበረም፡፡ የሸጠ በተስማማበት ዋጋ ሸጠ፤ አልሸጥም ያለ በመሬቱ ላይ ቀረ፡፡ እኛ ዘንድስ? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በኛው አቆጣጠር የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ መሬት አይሸጥ፣ አይለወጥ፡፡ የገጠሩም መሬት እንደዚያው፡፡ እናም የአዲስ አበባ ዳርቻ ገበሬ ለአባቱ መሬት ዋጋ መጥራት አይችልም፡፡ የሚሰጡትን ካሣ ተቀብሎ ይነሳል፡፡ በእርሻው ላይ ፎቅ ሲበቅል ዳር ቆሞ ያያል፡፡

ሚስተር ራውስ በዚያ መሬት ላይ ኮሎምቢያ የተባለችውን ከተማ ሠሩ፡፡ የተመረቀችው በ1967 ነው፡፡ ጊዜውን አስታውሱ! ጥቁር አሜሪካዊ ገንዘቡን ይዞ ቢሄድም «ላንተ አንሸጥም» የሚባልበት ዘመን ነው፡፡ ሜሪላንድ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክለውን ሕጓን የሻረችው ገና በዚያው ዓመት ነበር፡፡ በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር አድልዎን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1968 ነው፡፡ ሰውዬው ግን ሕግ እስኪያስገድዳቸው አልጠበቁም፤ ቤቱ ለማንም ዘር ክፍት ነው አሉ፡፡ የፖስታ ሣጥኑን እንኳ በየደጃፉ ከመትከል ፈንታ በየሰፈሩ አንድ ቦታ ሰበሰቡት፤ ጎረቤት ደብዳቤውን ሊወስድ ሲወጣ «እንዴት አደርክ?» እንዲባባል፡፡ ዛሬ ኮሎምቢያ ከ100,000 በላይ ሰው ይኖርባታል፡፡

ሌላም ታሪክ አለ፡፡ ኋላ እኛ ኢትዮጵያውያን ምግብ ቤት በምግብ ቤት ባደረግነው በዋሽንግተኑ አዳምስ ሞርጋን፣ በ1973 አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ያፈራቻቸው ሴቶች የፈራረሱ ሁለት የኪራይ ፎቆች ለድሆች ልንገዛ ነው ብለው መጡባቸው፡፡ ሚስተር ራውስ «ተዉት፣ አያዋጣችሁም» አሉ፡፡ ሴቶቹ ቀብድ ከፍለው ተመለሱ፡፡ እሳቸውም አፍረው ገንዘቡን አፈላለጉላቸው፡፡ ሕንፃዎቹ ላይ ከ900 በላይ የደንብ ጥሰት ተመዝግቦ ነበር፤ ሴቶቹና ወዶ ዘማቾች እጅ በእጅ አደሱት፡፡ ሚስተር ራውስ በ1979 ከኩባንያው ኃላፊነት ሲለቁ «ልረፍ» አላሉም፡፡ በ1982 ከባለቤታቸው ከፓቲ ጋር የድሃ ቤት የሚያሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ፡፡

የቤተሰብ ሰውም ነበሩ፡፡ የመጀመሪያው ትዳራቸው መፍረሱን አልደብቃችሁም፤ ፓቲን ያገቡት በ1974 ነው፡፡ የሦስት ልጆች አባት ናቸው፡፡ በሲኒማ የምታውቁት ተዋናይ ኤድዋርድ ኖርተን የልጅ ልጃቸው ነው፤ ያደገውም አያቱ በሠሯት ከተማ ነው፡፡ እሳቸውም ሌሎቹን ቤት ሸጠው ራሳቸው ሌላ ቦታ አልተንፈላሰሱም፡፡ እዚያው ኮሎምቢያ ከገዢዎቻቸው ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ፡፡ በ1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከፍተኛውን የሲቪል ሜዳሊያ ሸለሟቸው፤ በሚያዝያ 1996 እዚያው በቤታቸው አረፉ፡፡

ወገኖቼ፣ ነገረ ሥራዬ ፈረንጅ ለማወደስ አይደለም፡፡ ሌሊት ታክሲ እየነዳችሁ፣ አረጋዊ እየጠበቃችሁ ባጠራቀማችሁት ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ቤት ግዙ የሚል ሰው ነገም ይመጣል፡፡ በባለ ቀለም ሥዕል ያማልላችኋል፡፡ ታዲያ ቀብዱን ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁት፡፡ «በዚህ መሬት ላይ ማን ነበር? ወዶ ነው የሄደው?» በሉት፡፡ ቀጥላችሁ ደግሞ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎስ ከነልጆችዎ የሚኖሩት የት ነው?»