ለሥጋ ደዌ የሚሰጠው ኪኒን ለምን ይጨረሳል?

የሥጋ ደዌ መድኃኒት በቆዳ ላይ ያለው ምልክት ስለደበዘዘ ብቻ አይቋረጥም፤ ካልተጨረሰ የበሽታው ተሕዋስ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ለብቻው ይሰጥ በነበረበት ዘመን ተሕዋሱ መድኃኒቱን ተላመደ፤ በአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ማዕከል በአለርት የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ አሳይተዋል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች በ1981 ዳፕሶን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ መከረ፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፣ ያውም በነጻ። «ቆዳዬን አጠቆረው» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ነገር ግን ክሎፋዚሚን ያመጣው ጥቁረት ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሽንት መቅላቱም ከሪፋምፒሲን ነው፣ አያስደነግጥ። ትኩሳት ያለው ሽፍታ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኪኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ያስፈልጋል። ነርቭ ሲያም ወይም እጅ ሲዝል ደግሞ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ፈጥኖ መታየት ነው፤ ችላ ከተባለ ጉዳቱ ዘላቂ ይሆናል።