የሐይቅ ዓሣና አንዱ ትሪ



ለእኛ ለላስታ ደገኞች ባሕር ሩቅ ነው፤ የዓሣ ከተማ ስንል ሐይቅ ማለታችን ነው። ከላሊበላ በጋሸና አድርገን ወልድያ አደርንና ሱብሒን ሰግደን ተነሳን። መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን አለፍን። (በ1889 እ.ኤ.አ. ያ ውል የተፈረመባት ውጫሌ ናት፤ ሾፌራችን ግን ለሻይ እንኳ አልቆመልንም።) ደሴ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ውሃው ብቅ አለ።

ከተማዋ የምትታወቅበት ቀረሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። ረብቶ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል። ይህን እንጀራ የሚያስፈራው ዓይኑ የጠበበ መረብ ነው፤ ገና እንቁላል ያልጣለውን ሁሉ ይጠርጋል።

ከላሊበላ አብረውን የመጡ ክርስቲያን ጎረቤቶች ነበሩ። በአገራችን ቡናውን፣ ሐዘኑንና ሠርጉን እንካፈላለን፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን ትሪው ለሁለት ይከፈላል። ዓሣ ላይ ማን ባረከው፣ ማን አረደው የሚባል ነገር የለም። የባሕር አደን ሐላል መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ ተነግሯል፤ ዓሣ መታረድም አያሻውም። ለእነርሱም ቀኑ ጾም አልነበረም። ስለዚህ አንድ ትሪ ከበን፣ እሾሁን እየለቀምን፣ አንዳችን ለሌላው እያጎረስን በላን። አንዱ ጎረቤታችን «ሃያ ዓመት ተጎራብተን ዛሬ ገና!» ብሎ ሳቀ።

ዙህርና ዐስርን በመንገደኛ ደንብ አሳጥረን ሰግደን ተመለስን። መኪናው ውስጥ የነበረው ክርክር ለሚቀጥለው ሠርግ ዓሣው ሳይበላሽ ላሊበላ እንዴት ይደርሳል የሚል ነበር።