በጭውውት ጊዜ የአእምሮን ሥራ ስለ መለካት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ሰው የሰማውን እንዴት እንደሚያስተውል ለመመርመር ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዘዴ አንድን ሰው ለብቻው አስቀምጦ ቃል ማሰማት ወይም ሥዕል ማሳየት ነበር። ዳሩ ግን ቋንቋ በአብዛኛው የሚሠራው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። ስለሆነም ለብቻው የተለካ አእምሮ ከባልንጀራው ጋር የሚነጋገረውን አእምሮ ይወክላልን? የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም።

ኸርበርት ክላርክና ዲያና ዊልክስ-ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሁለት ሰዎች በመከለያ ተለያይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። በእያንዳንዳቸው ፊት የታወቀ ስም የሌላቸው 12 ቅርጾች ነበሩ። አንደኛው የቅርጾቹን ተራ በቃል ይገልጻል፤ ሁለተኛው የራሱን በዚያው መሠረት ይደረድራል። ሥራው 6 ጊዜ ተደገመ። በመጀመሪያው ዙር ገላጩ ለአንድ ቅርጽ በአማካይ 41 ያህል ቃላት አስፈልገውት ነበር፤ በመጨረሻው ዙር ግን 8 ያህል በቁት። እንግዲህ የቃላቱ ቁጥር የሁለቱ የጋራ መግባባት መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. ማይክል ሾበርና ክላርክ ተመሳሳዩን ሥራ በጎን ሆነው ለሚያዳምጡ ሰዎችም ሰጡ። እነዚህ ሰዎች ንግግሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢሰሙም፣ ቅርጾቹን በመለየት ከተነጋጋሪዎቹ አንሰው ተገኙ። «አልገባኝም፤ ድገምልኝ» ለማለት ዕድል አልነበራቸውምና።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. 10 ቋንቋዎችን መርምረው፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አሳዩ። አንድን ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት እንኳ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ መላሹ ጠያቂው ሳይጨርስ መልሱን ማሰናዳት ይጀምራል።

ከእነዚህ 10 ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ከአፍሪካም የተካተተው በናሚቢያ የሚነገር አንድ ቋንቋ ብቻ ነው። በአማርኛ ግሱ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይመጣል፤ አሉታውም ከግሱ ጋር ይጣበቃል። አድማጩ «ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን ሳይሰማ ምን ያህል አስቀድሞ መገመት እንደሚችል ሊለካ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የነገሩ ጥቅም ከቤተ ሙከራ ያልፋል። ተማሪ በመምህሩ ፊት፣ ሕመምተኛም በሐኪሙ ፊት ጸጥ ብሎ መስማቱ መረዳቱን አያረጋግጥም። የመጠየቅ ፈቃድ የሌለው አድማጭ ቃሉን ሁሉ ሰምቶ ፍሬ ነገሩን ሊስት ይችላል። ሌላውን ሰው «አይገባውም» ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ የሚመልስበት ተራ ተሰጥቶት እንደ ነበር መመርመር ተገቢ ነው።