ሌሊት የሚሠራ ትእዛዝ፦ ሮቢት ላይ ስለ ጠፋብን የውኃ መዝገብ



የዛሬው ርእሴ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ የትእዛዝ መስመር ስክሪፕት ማዘጋጀትና ማስኬድ ነው። ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

በቆቦ ሸለቆ መስኖ ለማልማት የከርሰ ምድር ውኃ ይሳባል፤ ስለዚህ የጉድጓዶቹ የውኃ ጥልቀት በየጊዜው ተለክቶ መመዝገብ አለበት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጥናት ቡድን ይህን ልኬት ሮቢት ላይ በነበረ ሰርቨር ያጠራቅም ነበር። የዕለቱን መዝገብ ሌሊት ወደ ሌላ ማሽን የሚገለብጠውን ስክሪፕት የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሮቦኮፒን የሚጠራ አጭር ጽሑፍ ነበር። በእጄ ስሞክረው ያለ እንከን ሠራ። በታስክ ሸጁለር እንዲያስይዘው ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነግሬው ወደ ወልድያ ተመለስሁ።

«ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሁን» ብዬው ነበር፤ እርሱም 8 ብሎ ሞላ። ማሽኑ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር ያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆነ። ይህንንስ ስቀን አረምነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን አያስቅም። ታስክ ሸጁለር የመጨረሻውን ውጤት 1 ብሎ አሳየ። በፕሮግራሞች ልማድ 0 ደኅና ነው፣ ሌላው ችግር ነው። ሮቦኮፒ ከዚህ ልማድ የወጣ ነው፦ 0 ሲል የሚገለበጥ አዲስ ነገር አላገኘሁም፣ 1 ሲል ገልብጫለሁ፣ 8 ሲል አንዳንዱን መገልበጥ አልቻልሁም፣ 16 ሲል አንድም አልገለበጥሁም ማለቱ ነው። ስለዚህ 1 የምሥራች ነበር። ባለሙያው ግን ተጨንቆ ደጋግሞ ስለ ደወለልኝ፣ ከስክሪፕቱ መጨረሻ «0 መልሰህ ውጣ» የምትል አንዲት መስመር ጨመርሁ። ስልኩም ዝም አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሥራው ማንም ሎግ ኢን ባያደርግም እንዲሄድ ተስተካከለ። እርምጃው ትክክል ነው። ነገር ግን መድረሻውን የጻፍሁት በኔትወርክ ድራይቭ ፊደል፣ «ዜድ» ብዬ ነበር። ያ ፊደል የሚታወቀው ባገናኘው ተጠቃሚ ሎግ ኢን ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው በሌለበት የሚነሣ ሥራ አያየውም። ሮቦኮፒ በየሌሊቱ 16 እያለ ጮኸ፤ የእኔ መስመር 0 እያለች አስተባበለች። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ የሚወጣውን የወፍ ጠባቂ ታውቃላችሁ፤ እኔ ጠባቂውን ማማው ላይ ትቼ አፉን ሸበብሁት።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ አልነሣም አለ። ቅጂውን ስንከፍት የመጨረሻው መዝገብ የመስከረም ነበር። ከወረቀት ቅጾቹ ከፊሉን መልሰን አስገባን፤ ወረቀቱ ያልተገኘለት ግን ቀረ። ፈተና ቢጠፋ ይደገማል፤ ያለፈ ወር የጉድጓድ ጥልቀት ተመልሶ አይለካም።

ዛሬ ተማሪዎቼን የማስጽፋቸው ስክሪፕት መድረሻውን በማሽኑ ስም ከነሙሉ አድራሻው ይጠራል። የሮቦኮፒ ቁጥር ከ8 በታች ሲሆን ብቻ 0 ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቁጥሩን እንዳለ ያሳልፋል። የድጋሚ ሙከራውንም ልክ እናበጅለታለን፤ ካልተነገረው ሮቦኮፒ አንድ የተቆለፈ ፋይል በ30 ሰከንድ ልዩነት 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ ብታሰሉት 347 ቀን ገደማ ነው! መብራት በሚቆራረጥበት አገር ደግሞ ታስክ ሸጁለር ሰዓቱ ያለፈበትን ሥራ ማሽኑ እንደ ተነሣ እንዲያስኬድ የሚያዝዘው ምርጫ መበራት አለበት፤ ሲሠራ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

በየወሩ መጀመሪያም አንድ ተማሪ ከቅጂው አንድ ፋይል አውጥቶ ይከፍታል፣ የመጨረሻውን ቀን አንብቦ በደብተር ይጽፋል፣ ይፈርማል። ደብተሩን ይዤው መጥቻለሁ፤ በጥያቄው ሰዓት ልታዩት ትችላላችሁ።